የሸራ ጀልባ ስለ መምረጥ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ፣ በጂኦግራፊ ክበብ ስም፣ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተነበበ ንግግር



የጂኦግራፊ ክበብ ስለ ሸራ ጀልባ ይናገራል ተብሎ ፕሮግራሙ ሲነበብ ፈገግ ያላችሁ እንዳላችሁ ከዚህ ሆነን አይተናል። ፈገግታችሁ ተገቢ ነው። ከክበባችን አባሎች መካከል ባሕር ያየ አንድም የለም፤ ሐይቅ ያየነውም በጣት የምንቈጠር ነን። አገራችንም ከ1993 ጀምሮ የባሕር በር የላትም። (ይህን ዓመት የጠራነው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው፤ ከዚህ በኋላ የምንጠራቸውም እንደዚሁ ናቸው።) ይሁን እንጂ ባሕርን በካርታ ላይ ብቻ የምናውቅ እኛ፣ ባለፈው ዓመት በሰኔ ወር፣ በባሕር ላይ ለሚጓዝ ሰው ምክር እንድንሰጥ ተጠየቅን፤ ሰጠንም። የሰጠነውም ምክር የተሳሳተ ነበረ። እንዴት እንደ ተሳሳትንና ከዚያም በኋላ ምን እንዳደረግን ለመንገር ነው ዛሬ ከፊታችሁ የቆምነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዚህ ትምህርት ቤት ከእኛ ሁለት ዓመት ቀድሞ የጨረሰ አንድ ወንድማችን በአውስትራልያ አገር በብሪዝቤን ከተማ ይማራል። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ስሙን ግን እንዳናነሣ ለምኖናል። በዚያ አገር ሰኔና ሐምሌ የብርድ ወራት ናቸው፤ ዩኒቨርሲቲዎችም የዓመቱን አጋማሽ ዕረፍት የሚሰጡት በዚሁ ጊዜ ነው። ወንድማችንም በዕረፍቱ ወደ ሰሜን ወጥቶ ቦወን በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ቲማቲም ለመልቀም ተቀጠረ። በዚያ ሥፍራ ከየአገሩ የመጡ፣ ንብረታቸውን ሁሉ በአንድ ከረጢት አድርገው በጀርባቸው ያዘሉ ወጣት መንገደኞች ይሰበሰባሉ፤ ጥቂት ሳምንት ይሠራሉ፣ የሠሩትን ይዘው ወደሚቀጥለው ከተማ ይሄዳሉ። ማታ ማታ የሚያወሩትም ስለ አንድ ነገር ነበረ፤ ይኸውም ከቦወን በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ርቃ ከምትገኘው ከኤርሊ ቢች ተነሥቶ፣ በሸራ ጀልባ እያደሩ፣ በዊትሰንደይ ደሴቶች መካከል ሁለት ሦስት ቀን ስለ መዞር ነው።

ከወላጆቻችን መካከል «ልጁ ያን ገንዘብ ለእናቱ ቢልክላት አይሻልም ነበርን?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ልኳል። መጀመሪያ የላከው ለእናቱ ነው፤ ቀጥሎ ለቤት ኪራይ አስቀመጠ፤ የጀልባ ገንዘብ የሆነው የተረፈው ነው። ይህን የምንናገረው ገንዘቡ ምን ያህል ጥቂትና ምን ያህል ወገብ የታጠፈበት እንደ ነበረ እንድታውቁልን ነው። በማይሆን ጀልባ ላይ ቢጠፋ ሌላ አልነበረውም።

አንድ ማታ የሦስት ጀልባዎች ማስታወቂያ ፎቶግራፍ በስልክ ላከልን። ባረፈበት የመንገደኞች ማደሪያ ትኬት የምትሸጥ ልጅ «የቀረው ሦስት ቦታ ብቻ ነው፤ እስከ ነገ ማታ ካልከፈልህ አታገኝም» ብላዋለች። እርሱም «እናንተ ጂኦግራፊ የምታጠኑ፣ የትኛውን ልያዝ?» ሲል ጠየቀን።

የመጀመሪያው ቀድሞ የእሽቅድምድም ጀልባ የነበረ፣ ረጅምና ቀጭን ነው፤ በፎቶግራፉ ላይ በአንድ ጎኑ ተጋድሞ ውሃውን እየሰነጠቀ ይበራል። ወጣቶችም ከፍ ባለው ጠርዝ ላይ ተደርድረው እግራቸውን ወደ ባሕሩ አንጠልጥለው ይስቃሉ። ዋጋውም ከሁሉ ያነሰ ነበረ። ሁለተኛው ባለ ሁለት ምሰሶ የእንጨት መርከብ ሲሆን አሮጌና ዝግተኛ ነው። ሦስተኛው ካታማራን የሚሉት፣ ሁለት ጠባብ ጀልባዎች ጎን ለጎን ተጣምረው በላያቸው ሰፊ መድረክ የተሠራላቸው ነው፤ ዋጋውም የመጀመሪያው እጥፍ ነበረ።

ክበባችን ከትምህርት በኋላ ተሰብስቦ ተከራከረ። አንዱ «ለእሽቅድምድም የተሠራ ጀልባ ጠንካራ ነው» አለ። አንዲቱ ደግሞ «አሮጌ መርከብ ላይ ለመሳፈር ገንዘብ ይከፈላልን?» አለች። ስለ ካታማራኑ «ይህ የተንሳፈፈ ሳሎን ነው» ተባለና ተሳቀ። በመጨረሻ በወረቀት ድምፅ ሰጠን፤ ለእሽቅድምድሙ ጀልባ 14፣ ለእንጨቱ መርከብ 3፣ ለካታማራኑ 2 ድምፅ ተቈጠረ። እውነቱን ለመናገር የመረጥነው ጀልባ ሳይሆን ፎቶግራፍ ነበረ።

በማግሥቱ ጧት ይህን ለጂኦግራፊ መምህራችን በኩራት ነገርናቸው። ሦስቱንም ሥዕሎች አንድ በአንድ ተመለከቱና «ልጁ ዋና ያውቃል?» ብለው ጠየቁን። ሁላችንም ዝም አልን። ከእርሱ ጋር በአንድ ግቢ አራት ዓመት ኖረናል፤ ኳስ ተጫውተናል፤ ዋና ማወቁን ግን ያሰበ አልነበረም። ወዲያው ጠየቅነው። መልሱም «አላውቅም። ለምን ጠየቃችሁኝ?» የሚል ነበረ።

እንዳይከፍል ነገርነው። ቲማቲሙን ለቅሞ እስኪጨርስ ገና ስምንት ቀን ነበረው፤ ስለዚህ «እስከ ነገ ማታ» የተባለው ቀጠሮ የሻጯ እንጂ የእርሱ አልነበረም። ይህን ቀላል ነገር ሳናስተውል አንድ ሌሊት ሙሉ መቸኮላችን እስካሁን ያሳፍረናል። ከዚያም ሦስት ቀን በቤተ መጻሕፍትም በኮምፒዩተርም ያገኘነውን ሁሉ አነበብን።

አስቀድመን ያየነው ቦታውን ነው። የዊትሰንደይ ደሴቶች በኩዊንስላንድ ጠረፍ ፊት ለፊት የሚገኙ 74 ደሴቶች ናቸው። ለደጋ ሰው ለመረዳት አያስቸግሩም፤ ተራሮች ናቸውና። የመጨረሻው የበረዶ ዘመን አብቅቶ ባሕሩ ከፍ ባለ ጊዜ ሸለቆዎቹ ሰጠሙ፤ ጫፎቹ ብቻ ከውሃ በላይ ቀሩ። የአምባዎቻችንን ግርጌ ውሃ ሞልቶት ብታስቡ እርሱን ይመስላሉ። ንጋሮ የተባለው ሕዝብ በእነዚህ ጫፎች መካከል በታንኳ እየተመላለሰ ቢያንስ 9,000 ዓመት ኖሯል፤ ሁክ በሚባለው ደሴት፣ ናራ በተባለው የባሕር ሰርጥ ዳር ባለ ዋሻ የሣለው ሥዕል ዛሬም ይታያል። ዊትሰንደይ የሚለውን ስም ያወጣው ግን እንግሊዛዊው መርከበኛ ጄምስ ኩክ ነው። በ1770 ጁን 3 ቀን በዚያ ሲያልፍ ዕለቱ የጰራቅሊጦስ እሑድ ነው ብሎ መንገዱን በበዓሉ ስም ጠራው። ነገር ግን ከእንግሊዝ ወደ ምዕራብ እየተጓዘ ስለ መጣ፣ የቀን መለወጫው መስመርም ገና ስላልተወሰነ፣ በዛሬው አቈጣጠር ዕለቱ ሰኞ ነበረ። ይህ ጀልባ ለመምረጥ አይጠቅምም፤ ሆኖም እንደ ኩክ ያለ ሰው በቀን ከተሳሳተ እኛም በጀልባ ብንሳሳት ይቅር እንባላለን ብለን ተጽናንተንበታል።

ለምርጫ የሚጠቅመው ሌላ ነው። ከደሴቶቹ ሁሉ ትልቁ፣ ራሱም ዊትሰንደይ የሚባለው፣ ዋይትሄቨን የተባለ 7 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ነጭ የባሕር ዳር አሸዋ አለው፤ አሸዋው 98 ከመቶ ሲሊካ ነው ይባላል። በሰሜን ጫፉ ሂል ኢንሌት በሚባለው ሥፍራ ነጩ አሸዋና ሰማያዊው ውሃ እንደ ተጠማዘዘ ሐር ይታያል፤ በማስታወቂያዎቹ ሁሉ ላይ ያለው ሥዕል ይኸው ነው። ነገር ግን ይህ መልክ ደምቆ የሚታየው ባሕሩ በጐደለ ሰዓት አካባቢ ነው። ባሕሩ በየቀኑ ይሞላል፣ ይጐድላል፤ ሰዓቱም ከቀን ወደ ቀን ይለዋወጣል። እንግዲህ ሁለት ጀልባዎች ወደዚያው ቦታ ቢወስዱ፣ አንዱ በሙላት ሌላው በጉድለት ሊደርስ ይችላል። «ወደ ሂል ኢንሌት ትሄዳላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ስለዚህ አይበቃም፤ «በዚያ ሳምንት በስንት ሰዓት ትደርሳላችሁ?» ማለት ያስፈልጋል።

ስለ ኮራሉም እንዲሁ ነው። ኮራል ማለት ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ትውልድ በትውልድ ላይ እየተደራረቡ የሠሩት ድንጋይ ነው። ታላቁ የኮራል አጥር 2,300 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ በ1981 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ማስታወቂያዎቹ ሁሉ ስሙን በትልቁ ይጽፉታል። ዋናው አጥር ግን ከደሴቶቹ ርቆ በውጭው ባሕር ስለሚገኝ፣ ለሁለት ቀን የሚወጡት አብዛኞቹ የሸራ ጀልባዎች እስከዚያ አይደርሱም፤ ሰውን የሚያወርዱት በደሴቶቹ ጥግ በበቀለው ኮራል ላይ ነው። ያም ውብ ነው፤ ሆኖም ሌላ ነው። በ2017 በማርች ወር ዴቢ የተባለው ብርቱ ዐውሎ ነፋስ በዚያው በኤርሊ ቢች አካባቢ ወደ የብስ ሲገባ ከዚህ ኮራል ብዙውን ሰብሮታል፤ የሚመለሰውም በዝግታ ነው። ስለዚህ ሥዕል የሚያሳይ ሻጭ ሲመጣ ሥዕሉ መቼ እንደ ተነሣ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ወሩንም መረመርን። ከኖቬምበር እስከ ሜይ በዚያ ባሕር ውስጥ አካላቸው እንደ ውሃ ወለል ብሎ የሚያሳይ መርዘኛ ፍጥረቶች ይበዛሉ፤ ኢሩካንጂ የተባለችው የጥፍር ያህል ብቻ ሆና ሰውን ሆስፒታል ታስገባለች። በእነዚያ ወራት ሰው ሁሉ መላ አካሉን የሚሸፍን ስስ ልብስ ሳይለብስ አይዋኝም። ዲሴምበርና ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ዝናብና ዐውሎ ነፋስም አለባቸው። በሐምሌ ይህ ሁሉ ቀለል ይላል፤ ዓሣ ነባሪዎችም ከደቡብ ዋልታ በኩል ወጥተው በደሴቶቹ መካከል የሚታዩበት ወቅት ነው። ጥሩ ነው አልን። ነገር ግን ሐምሌ ከደቡብ ምሥራቅ የሚመጣው ነፋስ ቀናትን ሳያቋርጥ የሚነፍስበት ወር ደግሞ ነው። የሸራ ጀልባ ለሚያውቅ ሰው ይህ ደስታ ነው፤ ለወንድማችን ግን ምን እንደሚሆን መጠየቅ ነበረብን።

በዚህ ጊዜ ነው የፎቶግራፉ ትርጉም የገባን። ባለ አንድ አካል የሸራ ጀልባ ነፋስ ሲገፋው ይጋደማል፤ ከሥሩ ከባድ ብረት ስላለው አይገለበጥም እንጂ ወለሉ እንደ ቤት ጣሪያ ያዘነብላል። እነዚያ ወጣቶች በጠርዙ ላይ የተደረደሩት ለደስታ ብቻ ሳይሆን በክብደታቸው ጀልባውን ለማቅናት ጭምር ነው። ካታማራን ግን በሁለት እግሩ ስለ ቆመ ብዙ አይጋደምም፤ «የተንሳፈፈ ሳሎን» ብለን የሳቅንበት ጠባዩ ለጀማሪ ሰው ትልቁ ጥቅሙ ነበረ። የእንጨቱም መርከብ ከባድና ዝግተኛ መሆኑ ነውር አልነበረም።

ስለ መኝታው አጭር ቃል እንጨምር፤ እናቶቻችን ስለዚህ ሳይጠይቁን አይቀሩም። በአንዳንዱ ጀልባ ላይ ሃያና ከዚያ በላይ ሰው በአንድ ሆድ ውስጥ በመደርደሪያ መሳይ አልጋ ያድራል። አልጋው የአንድ ሰው መሆኑን ወይም ለሁለት የሚሸጥ መሆኑን፣ መጋረጃ መኖሩን፣ ሌሊቱ የእንቅልፍ መሆኑን ወይም የመጠጥና የጭፈራ መሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ለወጣቶች ብቻ ተብለው የሚሸጡ ጀልባዎች አሉ፤ ምን ማለት እንደ ሆነ ለማወቅ ባሕር ማየት አያስፈልግም። የሚጠጣ ውሃ ተቈጥሮ ይጫናል፤ መታጠቢያው የጥቂት ደቂቃ ነው፤ ደረቅ ሻንጣ ይዞ መግባትም ስለማይቻል ለስላሳ ከረጢት የያዘ መንገደኛ በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው።

አሁን ወደ ሻጮቹ እንምጣ። በኤርሊ ቢች ዋና መንገድ ላይና በየማደሪያው ጠረጴዛ ትኬት የሚሸጡ ሰዎች ደላሎች ናቸው፤ ከየጀልባው ባለቤት ኮሚሲዮን ያገኛሉ። ደላላ ክፉ ነው አንልም፤ አባቶቻችንም በሬ ሲገዙ በደላላ ይገዛሉ። ነገር ግን በሬውን በገዛ ዓይናቸው ሳያዩ፣ ጥርሱን ሳይቈጥሩ፣ ቀብድ አይሰጡም። የጀልባም ጥርስ አለው። በዋጋው ውስጥ ያልተጨመረው ምንድን ነው? የባሕሩ ፓርክ ግብር፣ የመዋኛ ልብሱ ኪራይ፣ መጠጡ ለብቻው ይከፈላል ወይ? በነፋስ ምክንያት ጉዞው ቢቀር ገንዘቡን የሚመልስ ማን ነው፣ ደላላው ወይስ ባለ ጀልባው? መጨረሻ ሰዓት ድረስ የጠበቀ ሰው ባዶ ቦታ በቅናሽ የሚያገኝበት ጊዜ አለ፤ ነገር ግን የአገሩ ልጆች የትምህርት ዕረፍት ከዚሁ ወቅት ጋር ስለሚገጥም፣ በሐምሌ መጀመሪያ ይህን ተስፋ አድርጎ መቀመጥ ቁማር ነው።

ብዙ የተከራከርንበት የመጨረሻው ጥያቄ ግን የውሃው ነው። በ1998 በጃንዋሪ ወር፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ርቆ ከሚገኘው ከፖርት ዳግላስ የወጣ ጀልባ፣ ከባሕር በታች ይዋኙ የነበሩ አንድ አሜሪካዊ ባልና ሚስትን በኮራሉ ላይ ትቶ ተመለሰ። መቅረታቸው የታወቀው ከሁለት ቀን በኋላ ነው፤ እስካሁንም አልተገኙም። ከዚህም የተነሣ በኩዊንስላንድ ሰውን ቈጥሮ ማውረድና ቈጥሮ መመለስ በጥብቅ ደንብ የሚጠበቅ ሆነ፤ ሰውን ወደ ውሃ የሚያስገቡ ጀልባዎችም ስለ ጤናውና ስለ ዋና ችሎታው በወረቀት ይጠይቁታል። ስለዚህ ወንድማችን ከማንም ደላላ በፊት ለየጀልባው በቀጥታ ደውሎ «ዋና አላውቅም፤ ምን ታደርጉልኛላችሁ?» ብሎ እንዲጠይቅ ጻፍንለት።

ደወለ። የማደሪያው ሻጭ «ምንም ችግር የለም፤ ሁሉም ያለ ዋና ይሄዳል» ብላው የነበረውን የእሽቅድምድም ጀልባ ራሱ ሲጠይቅ፣ የመለሰለት ሰው እውነተኛ ነበረ፤ «ልንወስድህ እንችላለን፤ የሳምንቱ ነፋስ ግን ብርቱ ነው፤ ሌሎቹ ሲዋኙ አንተ ጀልባው ላይ ትቀመጣለህ» አለው። ካታማራኑ መልካም መልስ ሰጠው። የእንጨቱም መርከብ የሚያንሳፍፍ ቀለበት እንዳለውና አንድ ሠራተኛ በውሃው ውስጥ ከአጠገቡ እንደማይለይ ነገረው።

እኛ እንደገና ድምፅ ሰጥተን በአንድ ቃል ካታማራኑን መረጥን። እርሱ ግን አልተቀበለንም። «ካታማራኑን ከያዝሁ የነሐሴ ኪራይ ይጐድለኛል፤ እናንተ በሰው ገንዘብ ትመርጣላችሁ» ብሎ የእንጨቱን መርከብ ያዘ። በመጀመሪያው ቀን ሦስት ድምፅ ብቻ ያገኘውን ማለት ነው። ያን ጊዜ ተቀየምን። አሁን ስናስበው ትክክለኛው እርሱ ነበረ፤ የኪስን ነገር ከባለ ኪሱ በላይ የሚያውቅ የለምና።

በወደቡ ላይ ጫማቸውን አውልቀው በአንድ ጆንያ ውስጥ አስገቡ፤ በባዶ እግር ተሳፈሩ። ከዚያ ያ ወረቀት መጣ። ስለ ዋና ችሎታ የሚጠይቀው መስመር ላይ ሲደርስ፣ ከፊቱ የነበረችው ልጅ «በጣም ጥሩ» የሚለውን ምልክት አድርጋ እስክሪብቶውን አቀበለችው። እርሱም «መካከለኛ» በሚለው ላይ ምልክት አደረገ። እንዲህ ብሎ ጻፈልን፤ «ሃያ ሰው እያየኝ መስሎኝ ነበር። ማንም አላየኝም።» ወረቀቱን ከሰጠ በኋላ ተመልሶ ጠየቀ፤ ሰርዞም «አልችልም» በሚለው ላይ አደረገ። ተቀባይዋ ሠራተኛ አንብባ «እንግዲያው አንተ የእኔ ነህ» አለችው። ይህን የሰሙ ሌሎች ሁለት ሰዎች መጥተው ወረቀታቸውን መልሳ እንድትሰጣቸው ጠየቁ።

የመጀመሪያውን ቀን ብዙ አንተርከውም። ዞረበት፤ አስመለሰው፤ ነፋሱ ወደሚሄድበት ጎን መዞር እንደሚገባ ያወቀው ከአንድ ጊዜ በኋላ ነው። እናቱ የላከችለትን በሶ ለማንም ሳያካፍል በረሃብ የበላው በማግሥቱ ነበረ። በማግሥቱ ሂል ኢንሌትን ባሕሩ ሲጐድል ከኮረብታው ላይ አየው፤ ስለዚህም ፎቶግራፍ ሳይሆን «እውነት ነው» የሚል ሁለት ቃል ብቻ ላከልን።

ከሰዓት በኋላ በሁክ ደሴት ጥግ መልሕቅ ጣሉ። መነጽርና የመተንፈሻ ቱቦ አድርጎ፣ ቀለበቱን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ሠራተኛዋ ከአጠገቡ ሆና፣ ፊቱን ውሃ ውስጥ አስገባ። መጀመሪያ የሰማው የራሱን ትንፋሽ ነው። ትንፋሹ ጋብ ሲል ሌላ ድምፅ ሰማ፤ ቆሎ እንደሚቆረጥም ሰው ዓይነት ነበረ። አፉ እንደ በቀቀን የሆነ ትልቅ ሰማያዊ ዓሣ ከበታቹ ኮራሉን እየቆረጠመ ይበላ ነበር። ወንድማችን በውሃው ውስጥ ዐሥር ደቂቃ ቆየ፤ የወጣውም ፈርቶ ሳይሆን ቀለበቱን አጥብቆ ከመጨበጡ የተነሣ ጣቶቹ ስለ ደነዘዙ ነው። አሁን በብሪዝቤን በየቅዳሜው ዋና ይማራል፤ ከሕፃናት ጋር በአንድ ክፍል መሆኑንም አልደበቀንም።

ክቡራን፣ የሦስቱ ጀልባዎች ሥዕል በአዳራሹ በስተግራ፣ በመስኮቱ አጠገብ ተለጥፏል። የመጀመሪያው ቀን የድምፅ ወረቀቶቻችንም ከሥሩ አሉ፤ 14ቱም አልተነሡም፤ የእያንዳንዳችን ጽሕፈት ይታወቃልና ለመሳቅ ነፃ ናችሁ። ባዶ ወረቀትና ሣጥን አስቀምጠናል። ከመምረጣችሁ በፊት ልትጠይቁ የምትፈልጉት ነገር ካለ፣ ከሥዕሉ አጠገብ ቆመን እንጠብቃችኋለን።